ስንት ነጥብ አለብኝ?

ስልኬ የጮኸው እዚህ ጎንደር፣ ከአራዳ ወደ ፒያሳ ስወጣ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ አራዳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባጃጁም፣ አህያውም፣ ጆንያ የተሸከመውም፣ በግ የሚጎትተው ልጅም፣ መንገዱ የግሉ ነው። ደዋይዋ ባለቤቴ ናት።

«ሽንኩርት ገዛህ?»

«ገዛሁ።»

ንግግራችን ይኸው ነው። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ አንድ እጅ ከፊቴ ተዘረጋ። ትራፊክ ነው። ልጅ እግር ስለሆነ ምናልባት አስተምሬው ይሆናል ብዬ ፊቱን አየሁት። አላስተማርኩትም።

«መንጃ ፈቃድ።»

መኪናዬን ጥግ አስያዝኩ። ያረጀች ኮሮላ ናት። ዳገት ላይ ስትቆም ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች፤ የእጅ ፍሬኗ ሁለት ጊዜ ካልተሳበ አይዝም። እሱን እየሳብኩ ሰበብ ፈለግሁ። ቤት የታመመ ሰው አለ ልበል? ሆስፒታል እየሄድኩ ነው ልበል? አፌ ግን ቀደመኝ።

«ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት!»

ትራፊኩ ሳቀ። «አርባ አራቱም ስልክ እያወሩ ይንዱ አላሉም» አለኝና የክስ ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም። ጥፋቴ ጥፋት ነው። የተናደድኩት ስሜን ሲጽፍ ነው። የአባቴ ስም ኃይለማርያም ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይም እንደዚያ ነው ያለው። እሱ «ሀይለማሪያም» ብሎ ጻፈው። አባቴ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነበር። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «በሃሌታው ሀ የተጻፈ ኃይል ጉልበት የለውም» ይል ነበር። ይህንን ለትራፊኩ ላስረዳው ፈለግሁ። ከዚያ ስልክ ሲያወራ የተያዘ ሰው ስለ ሆሄ ባይሰብክ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ወረቀቱን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ጨመረልኝ። «ብሩን ከፍለው መንጃዎን ይወስዳሉ። ነጥቡ ግን ይመዘገባል።»

ነጥቡ!

መኪና ስነዳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ስንት ጊዜ እንደተቀጣሁ ብትጠይቁኝ በጣቴ ቆጥሬ እነግራችኋለሁ። የትኛው ቦታ ላይ፣ ስንት ብር እንደሆነም አስታውሳለሁ። ስንት ነጥብ እንዳለብኝ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀ ሰውም አላውቅም። አንድ ሰው ሲቀጣ «ስንት ቀጡህ?» እንለዋለን፤ መልሱ ሁልጊዜ በብር ነው።

ሕጉ ግን አዲስ አይደለም። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ጥፋቶችን በደረጃ ከፋፍሎ ከገንዘቡ ጎን የጥፋት ሪከርድ ነጥብ አስቀምጧል። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ከዚያም ካለፈ ይሰረዛል። ይህን ሁሉ ድሮ መንጃ ፈቃድ ስማር ሰምቼው ነበር። ፈተናውን እንዳለፍኩ ረሳሁት።

ነጥብ ምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ፣ እሁድ፣ እድር ላይ ነው።

የእድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ጥቁር መዝገብ አላቸው። ከስማችን ትይዩ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ የወር መዋጮ ነው። ሌላው የቀሪ ነው። ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ሰው ስሙ ፊት ትንሽ ቀይ ጭረት ይደረግበታል።

ድሮ ቀሪ የሚቀጣው በብር ብቻ ነበር። ታዲያ አንድ ነጋዴ ጎረቤት አለን። ሰው ሲሞት አይመጣም። የቀሪውን ብር ግን በወሩ መጨረሻ በልጁ ይልካል። አንድ ጊዜማ ጨምሮ ላከና «ለሚቀጥለውም ያዙልኝ» አለ። ቀልዱን አይደለም። ገና ላልሞተ ሰው የቀሪ ቅጣት ቀድሞ ከፈለ! ሽማግሌዎቹ ያን ቀን የተናደዱትን ያህል ተናደው አይቻቸው አላውቅም። ብሩን እድሩ አይጠላውም። ግን ብር ድንኳን አይተክልም። ብር ሬሳ አይሸኝም።

በመጨረሻ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ገባ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ አባል፣ ቅጣቱን ቢከፍልም እንኳ፣ ከመዝገብ ይሰረዛል። ሰውየው በዚያን ጊዜ ሁለት ቀይ ጭረት ነበረበት። በቀጣዩ ለቅሶ ላይ ኮቱን አውልቆ፣ በሸሚዙ፣ ካስማ ሲመታ አገኘሁት። ላብ በላብ ሆኗል። አጠገቡ የቆሙት ጎልማሶች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይይዛሉ።

እሁድ ዕለት ጸሐፊው ያን መዝገብ ሲገልጡ ቀዩን ጭረት አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። «ምነው?» አሉኝ። «ትናንት ትራፊክ እንዲህ ያለ ጭረት አድርጎብኝ ነው» አልኳቸው።

ነገሩ በእርግጥ ያው ነው። ቅጣት ብር ብቻ ሲሆን ዋጋ ይሆናል። ቀይ መብራት መጣስ ይህን ያህል ብር፣ ትርፍ መጫን ይህን ያህል ብር፣ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ። አቅም ያለው ያዛል። አንድ ባጃጅ ነጂ ማራኪ ላይ የሚቀጣው ብር የቀን ገቢውን ይወስድበታል። በዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ጥፋት፣ ሀብታሙ የሚከፍለው የአንድ ምሳ ሒሳብ ነው። ይህን ለማስተካከል ፊንላንዶች ቅጣቱን በሰውየው ገቢ ያሰሉታል። እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያ አንድ ባለሀብት 50 በተፈቀደበት በ82 ሲነዳ ተይዞ 121 ሺህ ዩሮ ተቀጥቷል። ለዚያ ግን የሁሉም ሰው ገቢ በመንግሥት መዝገብ በትክክል መታወቅ አለበት። እኛ ጋ ያ መንገድ ሩቅ ነው። ነጥብ ግን የማንንም ኪስ ሳይጠይቅ ይሠራል። የሀብታሙም የድሃውም መንጃ ፈቃድ አንድ አንድ ነው።

ደግሞ ብር አያስታውስም። ከፍለህ ደረሰኝህን ይዘህ ከወጣህ በኋላ አንተና መንግሥት አትተዋወቁም። በዓመት አንዴ የተሳሳተውም፣ በየሳምንቱ የሚያዘውም እዚያ መስኮት ፊት አንድ ናቸው። ነጥብ የመጣው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው። አንድ ጥፋት ማንንም ሊገጥመው ይችላል። አምስተኛው ጥፋት ግን ፀባይ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው። ስለ ሽንኩርቱ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ «እኔም እኮ አንድ ነጥብ አለብኝ» አለችኝ። እንዲህ በኩራት ይሁን በሐፍረት አልለየሁትም።

ቀይ መብራት ነው የጣሰችው። መብራቱ ቀይ ከሆነ አንድ ሰከንድ ሳይሞላው አልፋለች። ማንም አላስቆማትም። ደብዳቤው ቤቷ ድረስ መጣ፤ ከነፎቶዋ። 90 ዩሮ እና 1 ነጥብ። አንድ ሰከንድ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ 200 ዩሮ፣ 2 ነጥብ እና አንድ ወር ሙሉ መኪና አለመንዳት ነበር። «አንተ የሠራኸውን እዚህ ብሠራው ደግሞ 100 ዩሮና 1 ነጥብ ነው» አለችኝ። ለሽንኩርት!

የጀርመን ሰው ነጥብ ሁሉ የሚጠራቀመው ፍሌንስቡርግ በምትባል ከተማ ነው። ከዴንማርክ ድንበር አጠገብ፣ ከአገሪቱ ሰሜን ጫፍ ላይ ናት። የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን እዚያ ስላለ የከተማዋ ስም ራሱ «ነጥብ» ማለት ሆኗል። ሰው «ፍሌንስቡርግ ውስጥ ስንት አለህ?» ይባባላል። እኛ ጎንደር ስንል ቤተ መንግሥት እንደሚታወሰን፣ እነሱ ያችን ከተማ ሲሰሙ ሆዳቸው ይፈራል።

ሥርዓቱን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ያኔ ጣሪያው 18 ነጥብ ነበር። በ2014 ቀለል አደረጉትና አሁን ጣሪያው 8 ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል። እስከ 3 ነጥብ ዝም ብሎ ይመዘገባል። 4 ሲደርስ ደብዳቤ ይመጣል፤ ተው ይልሃል። 6 ላይ ሌላ ደብዳቤ፣ ጠንከር ያለ። 8 ላይ መንጃ ፈቃድህ ይወሰዳል። መልሰህ ለማመልከት ቢያንስ 6 ወር መጠበቅ አለብህ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሐኪምና የሥነ ልቦና ምርመራ ማለፍ ግድ ነው።

እኔን የገረመኝ 8 መሆኑ አይደለም። ደብዳቤዎቹ ናቸው። ሰውዬው ገደል ጫፍ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ ይጠሩታል። የእድራችን ጸሐፊም እኮ ያንን ነጋዴ ቤቱ ድረስ ሄደው «አንድ ቀርቶሃል» ብለውታል። ለዚህ ነው ካስማ ሲመታ ያገኘነው። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት ማንም «ይህን ያህል ደርሰሃል» ብሎኝ አያውቅም። ቆጠራው ካለ፣ ያለው ከእኔ ተደብቆ ነው።

«የኔዋ መቼ እንደምትጠፋ በስልኬ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ቀላሉ ነጥብ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ይሰረዛል። ከባዱ 5 ዓመት፣ በጣም ከባዱ 10 ዓመት ይቆያል። ቀኑን እንደ ልደት ነው የምትጠብቀው።

ስልኩን ስዘጋ እንቅልፌ ጠፋ። ስለዚህ ሌሊቱን የሌሎቹን አገሮች ሳነብ አመሸሁ። ባለቤቴ «ለአንድ ክስ ይህን ያህል?» አለችኝ። መምህር ስትሆን እንዲህ ነው፤ ያልገባህ ነገር አያስተኛህም።

ዓለም በሁለት ተከፍሏል። ጀርመንና እንግሊዝ ከዜሮ ጀምረው ይደምራሉ። ፈረንሳይ፣ ጣልያንና ስፔን ደግሞ መጀመሪያ ነጥብ ይሰጡህና ባጠፋህ ቁጥር ይቀንሱብሃል። በሒሳብ ካየኸው ልዩነት የለውም። በልብ ግን ሰፊ ነው። አንዱ ዕዳህን ይቆጥራል። ሌላው ያለህን ይወስድብሃል። ሰው ያልነበረው ዕዳ ከሚጨመርበት በእጁ የያዘው ሲወሰድበት ይበልጥ ያመዋል፤ ልጆቼን በከረሜላ ሞክሬ አይቻለሁ።

ጣልያኖቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀምሩት ለእያንዳንዱ ሹፌር 20 ነጥብ ሰጡ። ሁለት ዓመት ሳታጠፋ ከነዳህ 2 ይመርቁልሃል። እንዲህ እያለ እስከ 30 ይደርሳል። ፒያሳችንን ስሟን ከሰጧት ሰዎች ይህኛውን ብንወስድ አልጠላም። ምርቃት ያለበት ነገር እኛ አገር ይሄዳል። ከቡናው ሦስተኛዋን ሲኒ፣ በረካን፣ ሳይቀር የምንወድ ሕዝብ ነን።

ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1992 ላይ ሲጀምሩ ግን ምርቃቱ አልታየም። የከባድ መኪና ሹፌሮች መንገድ ዘግተው አገሩን አናወጡት። ክርክራቸው ቀላል ነው፤ የእኛ መንጃ ፈቃድ እንጀራችን ነው፣ የሌላው መዝናኛው ነው፣ እንዴት በአንድ ሚዛን? መነሻው 6 ነጥብ የነበረው በዚያው ዓመት መጨረሻ 12 ሆነ። አሁንም 12 ነው። አዲስ ነጂ ግን በ6 ይጀምራል። ነጥቡ የተመናመነበት ሰው ሁለት ቀን ክፍል ገብቶ ቢማር እስከ 4 ነጥብ ይመለስለታል፤ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅበት ከደረሰ ማለቴ ነው።

እንግሊዞቹ ጣሪያቸው በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነው። ከሞላ ቢያንስ ለ6 ወር መታገድ አለ። አዲስ ነጂ በመጀመሪያው ሁለት ዓመት 6 ከሞላበት ፈቃዱ ይሰረዝና ፈተናውን እንደ አዲስ ይወስዳል። የሚያስቀው ግን እዚያም ልመና መኖሩ ነው። 12 የሞላበት ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ብታገድ ከባድ ችግር ይደርሳል» ብሎ ማስረዳት ይችላል። ዳኛው ካመነው ይነዳል። ታዲያ የእኛ ሹፌር መንገድ ዳር «ልጆች አሉኝ፣ ማርያምን» ሲል ምን አጠፋ? ልዩነቱ እነሱ ልመናውን በጠበቃ፣ በወረቀት፣ በችሎት ያደርጉታል።

ከዚያ ከእንግሊዝ አንዱን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ክሪስ ሂዩን የሚባል የፓርላማ ሰው ነበር፤ በኋላ ሚኒስትር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 መኪናው በፍጥነት ካሜራ ተያዘች። ነጥቡ ቢያዝበት መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ነው። ስለዚህ ሚስቱ «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብላ ነጥቡን ወሰደችለት። ዓመታት አለፉ። ሰውየው ሌላ ሴት ወደደና ትዳሩ ፈረሰ። ሚስትየዋ የነጥቡን ነገር ለጋዜጣ አወጣችው። እሱ በ2012 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በ2013 ሁለቱም በአንድ ቀን 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ባለቤቴ ትራሷን አስተካክላ «እኔ አልታሰርልህም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሰኞ ብሩን ባንክ ከፍዬ፣ ደረሰኙን ይዤ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ታጥፏል። ከፊቴ አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል። ዞሮ ሲያየኝ ጥርሱ ታየ። «ቲቸር!» አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። አሁን ከአዘዞ ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳል። የተከሰሰው ትርፍ ጭኖ ነው።

«ስንተኛህ ነው?» አልኩት።

«በዚህ ወር?»

እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። ስለ ነጥብ ጠየቅሁት። አለ ሲባል ሰምቷል። ስንት እንዳለበት አያውቅም። ሌሊቱን ያነበብኩትን አወራሁለት፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጀርመንን ጨርሼ ጣልያን ገባሁ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ቲቸር፣ መኪናዋ እኮ የኔ አይደለችም። ባለቤቱ በቀን የሚፈልገው ገቢ አለ። ነዳጅ ተጨመረ፣ ጎማ ተወደደ፣ እሱን አይመለከተውም። ማታ ገቢውን ካላስገባሁ ነገ ቁልፉን ለሌላ ይሰጣል። አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ አይሞላም። አሥራ ስድስት ስጭን ይሞላል። ታዲያ ነጥቡ በማን ላይ ነው የሚያዘው?»

«ባንተ ላይ።»

«በሱ ላይስ?»

መልስ አልነበረኝም። ያነበብኩት ሁሉ ነጂና ባለመኪና አንድ ሰው እንደሆኑ አድርጎ ነው የሚያስበው። የአክስቴ ልጅ መኪናዋ የራሷ ናት፤ ቀዩን መብራት የጣሰችው በራሷ ችኮላ ነው። እዚህ ግን እግሩ የልጁ ሆኖ ችኮላው የሌላ ሰው ነው። ልጁ ነጥቡ ሞልቶ ቢታገድ ባለቤቱ ሌላ ልጅ ያመጣል። ያኛውም ይሞላበታል። መኪናዋ አንድም ቀን አትቆምም። ነጥብ ለእንጀራ ነጂዎች ይሥራ ከተባለ ባለንብረቱም አንድ ቀይ ጭረት ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። በእድር እንኳ ልጅህን ልከህ «እሱ ነው የቀረው» ማለት አትችልም።

ወረፋው ሦስት ሰው ያህል ተንቀሳቀሰ።

«ደግሞስ ቲቸር፣ ማን ይቆጥራል?» አለኝ ልጁ። «አዘዞ መንገድ ላይ ከፊቴ የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለቴ ካበራልኝ ትራፊክ አለ ማለት ነው። ረዳቴ ትርፎቹን ጎንበስ በሉ ይላቸዋል። ሲታለፍ ቀና ይላሉ። እኔ የምያዘው ከሃያ አንዴ ነው።»

ይኸን ሲል አንድ ያነበብኩት ጥናት ትዝ አለኝ። ሁለት የስፔን ተመራማሪዎች ነጥብ የጀመሩ አገሮችን ጥናቶች ሰብስበው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ነጥብ ሲጀመር አደጋውም፣ ሟቹም፣ ቁስለኛውም ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ሰው ይፈራል። ከዚያ ግን 18 ወር ሳይሞላ ፍርሃቱ ይተናል። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚፈራው ሕጉን ሳይሆን ያላየውን ዓይን ነው። ዓይኑ ከሃያ አንዴ ብቻ እንደሚያይ ሲገባው ወደ ድሮው ይመለሳል። የኔው ተማሪ ያለ ጥናት ደርሶበታል። ዘጠነኛ ክፍል እያለ ግን ሒሳብ አይሆንለትም ነበር።

«ሊማሊሞን ሌሊት የወጣሁ ሰው ነኝ» አለኝ ቀጥሎ። ሹፌር ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ሳይል አይውልም። «እዚያ መንገድ ላይ ነጥብ አይደለም የምትፈራው።»

ትክክል ነው። ግን ሊማሊሞ ላይ የምትፈራው ለራስህ ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ከኋላህ አሥራ ስድስት ሰው አለ። ይህን አልኩት። ጭንቅላቱን ወዘወዘ፤ አዎ ማለቱ ይሁን ተወኝ ማለቱ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሲሰማ ዓይኑ በራ። የመርሳቱ ነገር። ጃፓን አንድ ዓመት ሙሉ ሳያጠፋ የነዳ ሰው ያለፈው ነጥቡ አይደመርበትም፤ ከዜሮ ይጀምራል። «በእውነት?» አለኝ። «ዜሮ?» የንስሐ አባት እንኳ ቀኖና ሰጥቶ፣ ቀኖናው ሲያልቅ ይፈታሃል። የማያልቅ ከሆነ ሰው ቀኖናውን መፈጸም ያቆማል። ነጥቡ የማይጠፋ ከመሰለው ሹፌር አንድ ቢጨመርበት ምን ግዱ ነው? ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ የጠየቀኝ እዚህ ላይ ነው። «እኛስ ጋ ስንት ጊዜ ነው የሚቆየው?» አለኝ። «መስኮቱ ጋ እንጠይቃለን» አልኩት።

ተራዬ ደረሰ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ደረሰኙን ተቀበለች። ማኅተም መታች። መንጃ ፈቃዴን ከብዙ መንጃ ፈቃዶች መሀል፣ በላስቲክ ከታሰረ እሽግ ውስጥ፣ ፈልጋ አወጣችልኝ። ልትገፋልኝ ስትል «እህቴ፣ ስንት ነጥብ አለብኝ?» አልኳት።

ቀና አለች። «ምን?»

«ነጥብ። የጥፋት ነጥብ። እስከ ዛሬ ያለብኝን።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። ልጅቷ ግን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የክስ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመንጃ ቁጥር ስታስገባ አልመጣም። ትራፊኩ አንድ አሃዝ ዘሏል። «በስም ልየው» አለችና ስሜን ከነአባቴ መታች። አንድ ጥፋት መጣ። የቅዳሜው የሽንኩርቱ ነው፤ በ«ሀይለማሪያም» ተመዝግቧል።

«አንድ ብቻ ነው ያለብዎት» አለች። «እንዲያውም ንጹሕ ነዎት።»

አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ጥፋት! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መንጃ ፈቃዱን አየሁት።

«በብዙኃኑ ሞክሪው እስቲ» አልኳት።

«በምኑ?»

ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ኃይለማርያም። መታችው። ሌላ ሰው መጣ። ስሙ የኔ፣ የአያቱ ስም የኔ፣ ጥፋቱ ግን አንድ አይደለም። የትራፊክ ምልክት፣ ክልክል ቦታ ማቆም፣ ደግሞም የረሳሁት አንድ የጥምቀት ሰሞን። ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ ስክሪኑን አየች።

«ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል» አለች። «የትኛው ነው እርስዎ?»

ጉዳዩን ጨርሶ ሲጠብቀኝ የነበረው ተማሪዬ ጠጋ ብሎ ሹክ አለኝ። «ቲቸር፣ በሀሌታው! በሀሌታው በል!»

ፊደሉን አለመርሳቱ ደስ አለኝ።

«ሁለቱም እኔ ነኝ» አልኳት።

«አይ ቲቸር!» አለ ልጁ። ከሰልፉ ሳቅ ተነሣ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ሁለቱን ሰዎች አንድ ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ፈጀባት። «በየትኛው ሀ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ደምራ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ በመስኮቱ አሾለከችልኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቴ የምጽፈውን ታነባለች፤ የሽንኩርቱን ግን እሷ ላይ እንዲዞርልኝ እየለመንኩ ነው።